ማስጠንቀቂያውን በትልልቅ ፊደል ለጻፉልኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለተከበሩ የደንበኞች አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
ቱኒስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ የድርጅትዎን ሥራ ለመጠቀም ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ መሆኑን ባለፈው ረቡዕ ተረድቻለሁና።

እኔ በስፋክስ ከተማ የምኖር ጠበቃ ነኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ አላይም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ለሠራተኛዎ በቃል ደጋግሜ ብነግረው ስላልገባው፣ በጽሑፍ ሲሆን ምናልባት ይገባ ይሆናል ብዬ ነው። ኮምፒውተሬ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔም እጽፍበታለሁ፤ እንዲህ ተግባብተን ብዙ ዓመት ኖረናል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመብሩካንና የጓደኞቿን የይግባኝ ማመልከቻ እየጨረስኩ ነበር። መብሩካ ሰርዲን ከሚያሽግ ፋብሪካ፣ «ማኅበር እናቋቁም» በማለቷ ብቻ ከነጓደኞቿ የተባረረች ሴት ናት። ማመልከቻው በማግሥቱ ጠዋት መዝገብ ቤት ካልገባ ቀነ ገደቡ ያልፋል፤ ሴቶቹም የፋብሪካውን ደጅ ዳግመኛ አይረግጡትም። ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ ድምፁ ጠፍቷል። ብነካካው ዝም፣ ብጠብቀው ዝም። ሞቷል ብዬ ማጥፊያውን ተጭኜ አጠፋሁትና መልሼ አበራሁት። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልነሣም አለ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ሻይ ላፈላ በተነሣሁበት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራማችሁን አዲስ ማሻሻያ ሳልጠይቅ፣ ሳልጠየቅም ስለጫናችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ፣ ዕቃ ሊሰርቅ የመጣ ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ «ቤቶች!» ይላል።

ሁለተኛ፤ ስልኬን ያነሣው ገሳን የተባለ ሠራተኛዎ እጅግ ጨዋ ወጣት በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

«ክቡር ጠበቃ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይዎታል?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ።»

«ገባኝ። እሺ፣ ሰማያዊ ነው ወይስ ጥቁር?»

«ገባኝ አላልክም እንዴ?»

«ችግር የለም፣ ችግር የለም። በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ይላኩልኝ።»

አንሥቼ ላክሁለት። የመጋረጃዬ ፎቶ ነበር። ገሳንም ሳይሰለች፣ «በጣም ጥሩ፣ ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ለማስረዳት ጎረቤቴን ላስተዋውቅዎ። ዙሃይራ ከቢሮዬ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ፀጉር ሠሪ ናት። ግድግዳውን ስደበድብ እጇ ቀለም እንደነካው ሮጣ መጣች።

«አቶ ሙንጂ! ወደቁ እንዴ?»

«የወደቀውስ ኮምፒውተሩ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚለውን አንብቢልኝ፤ ሰውየው ስልክ ላይ ነው።»

አነበበችለት። ገሳንም ያለማመንታት «'ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መልስ' የሚለውን ይጫኑ፣ እመቤት» አላት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ዙሃይራ፤ «ከሥሩ በደቃቁ 'ሰነዶችዎ በሙሉ ይጠፋሉ' ይላል እኮ!»

«አዎ፣ ግን ኮምፒውተሩ ልክ እንደ አዲስ ይሆናል።»

«ባሌን ቢሆን እሺ! ይሄ የሰው እንጀራ ያለበት ነው፣ አንተ!»

ይኸኔ ከወዲያኛው ክፍል፣ ፀጉሯን ቀለም ተቀብታ የተቀመጠች ደንበኛዋ «ዙሃይራ! ጭንቅላቴ ሊቃጠል ነው!» ብላ ጮኸች።

«ነይና እዚህ ታጠቢ! ሰው እያዳንኩ ነው!»

ክቡር ዳይሬክተር፣ የፋብሪካው ባለቤት በጠበቆቹ ብዛት ሊያገኘው ያልቻለውን፣ የመብሩካን መዝገብ ከነአካቴው መደምሰስ፣ ድርጅትዎ በአንድ ቁልፍ ሊያደርግለት ነበር። ስለ ፈጣን አገልግሎታችሁ በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

ስልኩን ዘጋሁት። ጠበቃ ውል ሲሰጡት እስከ መጨረሻው መስመር ሳይሰማ አይፈርምም፤ ስለዚህ ዙሃይራን «ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ሳትዘዪ አንብቢ» አልኳት። አንዱን ዝርዝር ጨርሰን ሌላ እንከፍታለን፤ ከእሱም ሥር ሌላ አለ። የማላውቃቸውን ነገሮች ስም ስትጠራልኝ፣ ስትጠራልኝ ቆይታ በመጨረሻ ድምፅዋ ተለወጠ።

«'የመጨረሻውን ማሻሻያ አስወግድ' ይላል።»

«እሱን!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ተጫኚው።»

ተጫነችው። መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ መብሩካ ነበረች። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ አላነሣሁም። በሕይወቴ ብዙ ፍርድ ጠብቄአለሁ፤ የዚያን ዕለቱን ያህል የረዘመብኝ ግን የለም። ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣ አረብኛው የተሰባበረ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ዙሃይራ እልልታዋን አቅልጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ደንበኛዋም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ራሷን በፎጣ እንደጠቀለለች እልል አለች። ማመልከቻው ሳይነካ ተገኘ። ለመብሩካ ደወልኩላት፤ በማግሥቱም አብራኝ መጥታ መዝገብ ቤቱ ማኅተሙን ሲያሳርፍበት በጆሯችን ሰማን። ጉዳዩ በመጸው ይታያል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩም ነበር። ዓርብ ዕለት ግን የገሳን አለቃ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ፣ ጉዳዬ «በተጠቃሚው ጥፋት» ተብሎ መዘጋቱን አበሠረኝ።

«ማሻሻያው ሳያልቅ ኮምፒውተሩን አጥፍተውታል፣ ክቡር ጠበቃ። 'አያጥፉ' የሚል ማስጠንቀቂያ እኮ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።»

በትልልቅ ፊደል! ስለ ፊደሎቹ ትልቅነት ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጣሁ። አራተኛውና ዋናው ቅሬታዬ ይኸው ነው፤ የሚያነብልኝን ድምፅ ዘግታችሁ ስታበቁ፣ ኮምፒውተሩን እንዳላጠፋ በጽሑፍ አስጠነቀቃችሁኝ፤ ቀጥላችሁም ባለማንበቤ ጥፋተኛ አላችሁኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም። ይህን ቃል የድርጅትዎ መዝገብ ውስጥ አንድም ቀን በስሜ አጠገብ እንዲያድር አልፈቅድም። ቃሉ ይሰረዝ፤ ማስጠንቀቂያውም ከእንግዲህ አፍ አውጥቶ ይናገር። ሁለቱ ካልተፈጸሙ በፍርድ ቤት እንገናኛለን። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ሰው ስከራከር ኖሬ ለራሴ ቆሜ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የምመጣው።

የድርጅትዎ ጥበብ ከቀን ወደ ቀን እየላቀ፣ እኛ ደንበኞችዎም ከጥበቡ በሕይወት እየተረፍን እንድንኖር ከመመኘት ጋር፣ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አክባሪዎ
ሙንጂ ፈንድሪ፣ ጠበቃ
ስፋክስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ ለእርስዎ ብቻ በድርጅትዎ የቅሬታ ገጽ ልልከው ሞክሬ ነበር። ገጹ ግን ከመቀበሉ በፊት ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ፣ ለዚህም ከሥዕሎቹ መካከል ጀልባ ያለባቸውን እንድመርጥ አዘዘኝ። መምረጥ ስላቃተኝ ሰው አለመሆኔ ታውቆ ተባረርኩ። ስለዚህ ደብዳቤውን አሁን ወደሚያነቡበት ጋዜጣ ወሰድኩት፤ አዘጋጁ ግን ሰው ነህ ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ ወንበር ስቦልኝ፣ «ተቀመጡ፣ ምን ደረሰብዎ?» አለኝ።