ሳትጮህ የምትጠይቅ ውሻ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የእንስሳት መጠለያ ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የተስማማዎ፣ ወንበርዎም ለወገብዎ የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በተማርሁበት ዘመን መምህራችን ሰላምታ የሌለው አቤቱታ ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደ መግባት ነው እያሉ በማስመሪያ ይገርፉን ስለነበር፣ ምንም ያህል ብቸኩል ሰላምታውን አልዘልለውም። መቸኮሌን ግን ልብ ይበሉልኝ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ነገሩም ከአርብ አያልፍም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን ድፍረት አድርገው እንዳያዩብኝ። ከዚህ ቀደም የላክሁልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ በሥርዓቱ የታሸጉ ነበሩ። መልስ ባጣሁ ጊዜ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ፖስታ የሚከፍትበት ጊዜ ከየት ያመጣል ብዬ አዘንሁልዎና ይህኛው ተከፍቶ እንዲደርስዎ አደረግሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ጎረቤትዎ ያነበው ይሆናል፤ ጠዋት ሰላም ሲልዎም ያነሳልዎ ይሆናል።

ጉዳዩ የአንዲት ወጣት ውሻ ነው። ቡናማ ናት፤ አንዱ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ይተኛል። መጠለያዎ «ልዕልት» የሚል ስም አውጥቶላት ከመጨረሻው የሽቦ ክፍል፣ ከመጥረጊያዎቹና ከባልዲዎቹ አጠገብ አስቀምጧታል። ልዕልቶች የት እንደሚያርፉ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

ያሳደጋት ከቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ጫማ ጠጋኝ ነው። ጎረቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። ውሻዪቱ ቡችላ ሳለች እንደማንኛውም ቡችላ ትጮህ ነበር፤ እኔ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ እበሳጭ ነበር፣ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሶሉን ይለጥፋል። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ቀን መጣችና መዳፏን ጫማው ላይ አኖረች። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወዲህ ቢርባትም ቢጠማትም፣ ደንበኛ መጥቶ በር ላይ ቢቆምም፣ ጫማው ላይ መዳፏን ታኖራለች እንጂ አትጮህም። እሱም ሲፈልጋት ጉልበቱን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ዓይኗ ከእጁ ስለማይነቀል ወዲያው ከች ትላለች። ስሟም በአፍ የሚጠራ አይደለም። አንዱን እጁን በሌላው እጁ ጀርባ ላይ ያኖራል፤ መዳፍ በጫማ ላይ ማለቱ ነው። ስሟ ያ ነው።

ጎረቤቴ ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር እህቱ ወደ ቤቷ ወሰደችው። የእህቱ ባል አስም አለበት፤ ውሻ የነካው ልብስ እንኳ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ሴትዮዋ ምን ታድርግ? እያለቀሰች ውሻዪቱን ለእናንተ አስረከበች። እኔ በዚያ ሳምንት ዓይኔን ለመታከም ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ስመለስ የመዶሻው ድምፅ የለም፤ ግድግዳው ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አልበደለም። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር ላቅርብልዎ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

፩ኛ. ውሻ የሚፈልግ ሰው እንዲገባ የፈቀዳችሁበት ሰዓት ውሾቹ ምግብ የሚቀርብላቸው ሰዓት ነው። በሩን የሚከፍተውና ምግቡን የሚያድለው አንድ ሠራተኛ ስለሆነ አመቺነቱ ይገባኛል። ጎብኚው ሲገባ ሁሉም ውሻ ሽቦውን እየቧጠጠ ይጮኻል፤ ሰውም እየሳቀ ከሚጮኸው ፊት ይቆማል። አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጥታ አይቻለሁ። ልጅቱ ከመጨረሻው ክፍል ደርሳ ቁጢጥ ብላ ነበር። እናትየዋ «ነይ እንጂ የኔ እናት፣ ይቺ የታመመች ትመስላለች፣ ድምፅም የላትም» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። አልፈርድባትም። ያቺ ውሻ እየጠየቀች ነበር፤ ግን ከሽቦው ወዲያ መዳፏን የምታኖርበት ጫማ አጥታ ሲሚንቶው ላይ አኑራው ነበር።

፪ኛ. የባሕርይ ፈተና የምትሉትን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ትጉህ ወጣት ሠራተኛዎ፣ በደንቡ መሠረት ከውሻዪቱ ኋላ ቆማ «ልዕልት! ልዕልት!» እያለች ተጣራች። ውሻዪቱ በሩን እያየች ተቀምጣለች። እንደገና ተጣራች፤ ጎረቤት መንደር የሚሰማ ድምፅ አላት፣ ዕድሜ ይስጣት። ከዚያም «አትታዘዝም፤ ከሰው ጋር አትግባባም» ብላ ጻፈች። በሕይወቷ አንድም ቀን በድምፅ ተጠርታ የማታውቅን ፍጥረት፣ ሰምታው በማታውቀው ስም፣ ከኋላዋ ሆኖ ጠርቶ ደንቆሮ ናት ማለት ትልቅ ጥበብ ነው። እኔን እኮ እርስዎ በማላውቀው ቋንቋ ከኋላዬ ቢሰድቡኝ ዞር ብዬ አመሰግንዎ ይሆናል።

፫ኛ. ይህ የእኔ ጥፋት ተብሎ የተመዘገበው ነው። ዝም ብዬ ማየት አቅቶኝ ሽቦው አጠገብ ቆሜ ጉልበቴን መታ መታ አደረግሁ። ውሻዪቱ ብድግ ብላ መጣች፤ በሽቦው ሥር ባለው ክፍተት መዳፏን አሾልካ ጫማዬ ላይ አኖረች። ለሠራተኛዋ ማን እንዳሳደጋትና እንዴት እንደምትጠራ አንድ ባንድ አስረዳኋት፤ ይኸው በእጅ ሞክሪያት ብዬም ለመንኋት። እሷ ግን «እማማ፣ ፈተና ላይ ናት እኮ፣ ለምን ይነግሯታል?» ብላ ፈተናውን ሰረዘችው። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጎን ዓይኑ ያየ ተማሪ ከክፍል በሚባረርበት ዘመን ተምሬ፣ አንድም ጊዜ በማስኮረጅ ሳልከሰስ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለውሻ አስኮረጅሽ ተብዬ ተከሰስሁ፤ ከግቢውም ታገድሁ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው። «እማማ፣ እኔማ ባስገባዎ ደስታዬ ነበር፤ ግን ፎቶዎን እዚህ ለጥፈውብኛል፣ በዚያ ላይ ፎቶው አላማረም» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ልለውጥልዎ ፈቃደኛ ነኝ።

ስቀልድ ጊዜው እየሄደ ነው። እኔ ከታገድሁ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ በእጁ የሚያናግራት አንድም ሰው የለም።

፬ኛ. ከመታገዴ በፊት ወስጄ ላሳድጋት ማመልከቻ አቅርቤ ነበር። ጉዳዩን የያዙት ሰው በጣም ጨዋ ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ውሃም አቀረቡልኝ። ከዚያም «እማማ፣ ውሻዋ ገና ልጅ ናት፤ እርስዎ ደግሞ… መቼም ይገባዎታል» አሉ። ገባኝ። ከእኔ በኋላ ለብቻዋ እንዳትቀርና እንዳታዝን ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው የፋርማሲ ባለቤት፣ ገና ጎልማሳ፣ ጤነኛ፣ እኔ አንድ ነገር የሆንሁ እንደሆን ውሻዪቱን እረከባለሁ ብላ አብራኝ መጥታ ነበር። «ተያዥ ከአመልካቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አለበት» አሏት። እንግዲህ እኔ ልጅም ባልም የለኝም፤ ደንቡ የሚሟላው ፋርማሲዋን ዘግታ ሳሎኔ ውስጥ ስትተኛ ነው።

ስለዚህ አሳቢነታችሁን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ያርሙኝ። ይህች ውሻ ምናልባት አንድ ቀን፣ እኔ ስሞት፣ ታዝን ይሆናል። ከዚህ ሐዘን ለመጠበቅ እናንተ አርብ ትገድሏታላችሁ።

፭ኛ. መግደል ማለቴን ይቅር ይበሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ «ፈተና ያላለፉና ወሳጅ ያላገኙ እንስሳት አርብ ይሰናበታሉ» ይላል። እኔም መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ፤ ስንብት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሲሰናበት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ባልደረቦቹ ያቅፉታል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል። ለእሷ ከሦስቱ የትኛው እንደተዘጋጀ ቢያሳውቁኝ።

ስድስተኛ ቁጥር ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሳስበው ቁጥር የሚሰጠው ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። እሁድ እሁድ ጎረቤቴን እጠይቀዋለሁ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ይጠብቀኛል። ገና ሳልቀመጥ አንዱን እጁን በሌላው እጁ ጀርባ ላይ አኑሮ ቅንድቡን ያነሳል። እንዴት ናት ማለቱ ነው። እኔም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደህና ናት እያልሁ በእጄ እመልስለታለሁ። በአፍ የዋሸ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ማዞር ይችላል። በእጅ ሲዋሹ ግን ሰውየው ዓይን ዓይንዎን እያየ ነው። ባለፈው እሁድ ደህና ናት ልል እጄን አንስቼ መሐል ላይ አቆምሁ። እሱም እጁን ከእጁ ጀርባ ላይ ሳያነሳ እንደያዘው ቀረ፤ እስክወጣ ድረስ አላነሳውም። የፊታችን እሁድ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ እባክዎ። ይህችን ቃል ያለ ጌጥ ነው የጻፍኋት።

ለእኔ አትስጡኝ፤ ይሁን፣ አርጅቻለሁ፤ የጻፋችሁትን ደንብ አላጠፋውም። ለማንም ስጧት። አንድ ሰው ከፊቷ ይቁምና ጉልበቱን መታ መታ ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ካልመጣች የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ እኔም ከታች እፈርማለሁ። ከባልዲዎቹ አጠገብ አንሷትና ሰው ከሚያልፍበት ከፊተኛው ክፍል አድርጓት፤ በሩ ላይም «ይህች ውሻ በእጅ ትጠራለች» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ጽሑፉን እኔ በቁም ጽሕፈት አዘጋጅቼ ለዘበኛው ትቼለታለሁ። የሚለጠፍበት ቦታ ከጠፋ የእኔን ፎቶ ማንሳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ሐተታ በትዕግሥት እንዳነበቡ በመገመት፣ ስለማላውቀው ትዕግሥትዎ አስቀድሜ እያመሰገንሁ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜን፣ ዕድሜዎ ሲረዝምም ዕድሜዎን የማይቆጥር ጎረቤትን እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ደንብዎን ከሠራተኞችዎ ይልቅ አጥርታ ያነበበች፣ በድምፅም በእጅም ቢጠሯት ለመምጣት የተዘጋጀች፣ ግድግዳዋ ዝም ያለባት የጫማ ጠጋኙ ጎረቤት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት አርብ ከመድረሱ በፊት ይህን ለማንበብ ካልተመቸዎ፣ ለሠራተኞችዎ ይህን ብቻ ይንገሩልኝ። ከክፍሏ ስትወጣ አትታገላቸውም፣ አትጮህባቸውምም፤ ሥራ አታበዛባቸውም። የሚወስዳት ሰው ጫማ ላይ መዳፏን ታኖራለች። ጫማውን ልታቆሽሽበት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። መልሱ በደንባችሁ ውስጥ ስላልተጻፈ ልንገራችሁ፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኗን ማየት ነው። እሱንም ማድረግ የሚከብደው ከሆነ የግቢውን በር ገርበብ ያድርግልኝ። ዘበኛው እንዳያስገባኝ ታዟል፤ ከበሩ ውጭ እንዳልቆም የሚከለክል ደንብ ግን የለም፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እዚያ ቆሜ ጉልበቴን መታ መታ አደርጋለሁ። ማን ፈተናውን እንዳለፈ፣ ማንስ እንደወደቀ፣ ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ያያል።