እትዬ ልቅም እና ሙጫ አብሳዩ

ወዳጅ ዘመድ ሁሉ እትዬ ልቅም እያለ የሚጠራቸው ሟች፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ የጠፋ መርፌም ሆነ የጎደለ ስኳር የሚጠየቀው ከእሳቸው ነበር። እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ጥፋተኛ አፈላልጎ ማቅረብን ለመዱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ነበረች፤ ሐሰት የለውም።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በሃያ ዓመታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ተቀጠሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላም የክፍሉ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በዚያ ክፍል እያንዳንዱ የመጽሐፍ እሽግ ትንሽ ወረቀት ትታሰርበታለች፤ ያጠፈው፣ የሰፋው፣ ሙጫ የቀባው ሁሉ ይፈርምባታል። ገጽ ቢዘበራረቅ ወይም የመጽሐፉ ጀርባ ቢላቀቅ ያቺ ወረቀት ትወጣለች፤ የፈረመውም ይጠራል። እትዬ ልቅም «ጥፋት ካለ ፈራሚ አለ» ይሉ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ያገቡትን የማተሚያ ቤቱን ሾፌር እንኳ ስድስት ወር ሙሉ አጥንተው ነው እሺ ያሏቸው። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «እኔ ያገባሁት ፈተና አልፌ ነው» ይላሉ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወልደዋል።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው ኖራ ይመስላሉ፣ ቀጥሎ ይጠቁራሉ። ከአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ጉንጫቸው ቀላ፤ ጸጉራቸው ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። አንዱ ሐኪም ደም ማነስ ነው አለ፣ ሌላው ጭንቀት ነው አለ። አማታቸው ስንፍና ነው አሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ይተላለፍብናል ብለው ብርጭቋቸውን ለየት አድርገው አስቀመጡት፤ እትዬ ልቅምም የተለየውን ብርጭቆ አይተው እንደ ልማዳቸው ፈራሚ ፍለጋ ገቡ።

አንድ ቀን አብራቸው ወረቀት የምታጥፈው ታናሽ እህታቸው፣ «ኧረ እትዬ! ያ ሙጫ አብሳይ ሙጫው ውስጥ የሆነ ነገር እየጨመረብሽ እንዳይሆን!» አለች። ሰውየው በክፍሉ ጥግ የጥራዙን ሙጫ በድስት የሚያበስል ሠራተኛ ነው፤ ያለችውም ለወሬ ያህል ነበር። ነገር ግን እትዬ ልቅም የሙጫ አብሳዩን ሥራ በዚያው ወር ሦስት ጊዜ መልሰውበት ነበርና ቂም ቢይዝ አይገርምም ተባለ። ለእረፍት ቤት ሲቀመጡ እጃቸው ተሻለው፤ ጥርጣሬው ጸና። ከሙጫው ለመራቅ ጠረጴዛቸውን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዛወሩ፤ ፊታቸው ባሰበት። «አየሽ፣ እዚህም ድረስ ተከተለኝ» አሉ። ሙጫውን በጠርሙስ ደብቀው ለምርመራ ወሰዱ። ዱቄትና ውሃ ነው ተባሉ። «ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ዘመድ ይኖረዋል» አሉ።

በወሩ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «እዩት! ይህን ያደረገብኝ እሱ ነው!» አሉ። ታናሽ እህታቸውም ተነሥታ «እኔም ሲጨምር ዐይቼዋለሁ» አለች። አላየችም ነበር። ሙጫ አብሳዩ «እኔ ሙጫ ነው የማበስለው» ብቻ ብሎ ሽርጡን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ። ሰውየው ሄደ፣ በሽታው ግን አልሄደም። እትዬ ልቅም ግን ድስቱን ሳያጥብ ሄዷል እያሉ ሌላ አራት ዓመት ጠረጠሩት።

በአርባ ዓመታቸው እግራቸው አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ደማቸውንና ሽንታቸውን አስመርምራ ሉፐስ ነው አለቻቸው። ከጀርም ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ፣ ቆዳና ኩላሊት እንደ ባዕድ ያጠቃል፤ አይተላለፍም፤ ፀሐይ ያስነሣዋል፣ ብርድ ጣትን ያነጣል ብላ አስረዳቻቸው። እትዬ ልቅም አንገታቸውን አዘንብለው ሰሟትና «ታዲያ ማን ፈረመበት?» አሉ። «ማንም፤ ለምን እንደሚጀምር ገና ሙሉ በሙሉ አናውቅም። ሰው ያመጣብዎት ግን አይደለም» አለች። እሷንም ጠረጠሯት! ስሟን ደብቀው ውጤቱን ለሌሎች ሁለት ሐኪሞች አሳዩ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሲናገሩ እትዬ ልቅም የሐኪም ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው «መስኮቱ ነበር ያባሰብኝ። ያንን ሰው ምን አደረግሁት!» ብለው አለቀሱ።

መድኃኒታቸውን ጀመሩ፤ ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣና ጓንትም አይለያቸውም ነበር። ሙጫ አብሳዩን አፈላልገው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጓሮ የወረቀት ከረጢት ሲሠራ አገኙት። ተቀመጡ አላላቸውም፤ ደግሞ ምን ይዘው መጡ ብሎ እጅ እጃቸውን ያይ ነበር። ይቅርታ ሲጠይቁት፣ «ያዋረዳችሁኝ በሰው ፊት ነው፤ እዚህ ጓሮ ውስጥ አልቀበልም» አላቸው። እውነቱን ነው። እትዬ ልቅምም በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ሊጠይቁት ቃል ገቡ። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ፤ ኀፍረቱም አለ። ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ በኋላ ሁለት ዓመት በማጠቢያ መሣሪያ ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ታናሽ እህታቸውን ጠርተው፣ «ለኔ ቀብር ሁሉም ይመጣል። ያን ጊዜ ጥፋታችንን ጽፈሽ አንብቢላቸው። የኔን ብቻ እንዳይሆን፣ ያንቺንም» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ።

የጥራዝ ክፍል ባልደረቦች ሆይ፣ ስሙ። ሙጫ አብሳዩ ምንም አላደረጉም። እትዬ ልቅም በሐሰት ከሰዋቸዋል፤ ታናሽ እህታቸው ያላየችውን ዐየሁ ብላለች፤ እናንተም ሰምታችሁ ዝም ብላችኋል። ዛሬ እንዲመጡ መልእክት ተልኮላቸዋል፤ ይምጡ አይምጡ አልታወቀም። በዚህ አዳራሽ ካሉ፣ ታናሽ እህታቸው ይህን ወረቀት አጥፋ ሁላችሁም እያያችሁ እግራቸው ላይ ትወድቃለች። ከሌሉም ከቀብሩ መልስ በራቸው ድረስ ትሄዳለች፤ ምስክር የሚሆን አብሯት ይሂድ።

ፈጣሪ የእትዬ ልቅምን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ሙጫ አብሳዩም ይቅር ይበሏቸው።