በጠሃ ጁስ ቤት የማልኩት መሐላ

ለታላቅ ወንድሜ ለኢሳያስ።

ጋሼ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የሽሮ ሜዳ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህስ፣ ሙሉ ቀን እግርህን ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ስትሸምን ያዘኝ ያልከው፣ ለቀቀህ ወይ? ሰብለ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የትልቁ ጥርስ ወልቆ ነበር፣ በቀለለት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሰውነቴ ማለቴ ነው። ሲቀላ ውስጥ እንደኔ ሙዝ የሚጭን የለም። ባለፈው አንድ አይሱዙ ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ሳንቀመጥ ሞላነው፣ ሹፌሩ ራሱ ይሄ ልጅ ሰው ነው ክሬን ብሎ ጠየቀ። ይሄን የምነግርህ እንድትኮራብኝ ነው። ቀጥሎ ያለው አያኮራም።

ያልደወልኩት እዚህ ቤት ስልክ ሲወራ ሁሉም ስለሚሰማ ነው። አንተም ድምፁን ከፍተህ እየሸመንክ ነው የምታወራው፣ አብረውህ ያሉት የኦቾሎ ልጆች ሁሉ ይሰማሉ። ከአምስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ጽሑፍ ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብበው። ብቻህን አንብበው።

አባባ ታሟል። ዛሬ አስረኛ ቀኑ ነው። እማማ ለአንተ እንዳይነገር ብላ ነበር፣ ሥራ ጥሎ ይመጣል ብላ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ደሙን አይተው ወባ ነው አሉ፣ ኪኒን ሰጡት፣ ትንሽ ሻል አለው፣ እሁድ ትኩሳቱ ተመለሰ። እንደገና ወሰድነው፣ ሁለት ዓይነት ወባ ነው ያለበት ብለው ሌላ መድኃኒት ጨመሩለት። እየዋጠ ነው። ግን ጋሼ፣ እኔ ወባ ብቻ አይመስለኝም። ያመጣሁበት እኔ ነኝ ብዬ ፈርቻለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

«አንድ ግቢ» የሚባለውን ድራማ ሰብለ ስለምታይ ታውቀዋለህ። ሽመክትና በለጥሽ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው አድገው፣ ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ ጓደኛሞች ናቸው ወይስ ይዋደዳሉ እያለ ሰውን የሚያጨቃጭቀው። እሁድ ከቸርች ስንወጣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ጠሃ ጁስ ቤት ተሰብስቦ ነው የሚያየው። ፍቅር ነው የሚሉት በሩ ጋ ይቀመጣሉ፣ ጓደኝነት ነው የምንለው ፍሪጁ ጋ። ተሳስቶ በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ከዳህ ይባላል። ባለቤቱን ጠሃን አንተስ የማን ወገን ነህ ሲሉት፣ ጁስ የሚጠጣው ወገን ነኝ ይላል።

የበሩ አለቃ ሉሊት ናት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው። ምላሷ ምላጭ ነው። የፍሪጁ አለቃ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ማንም አልመረጠኝም ግን ከኔ በላይ የሚጮህ የለም። ሉሊት ለጓደኛው ብሎ የውጭ ሀገር ሥራ የሚተው ወንድ አሳዩኝ ትላለች። እኔ ደግሞ ከአንድ ሳህን በልተው ያደጉ ሰዎች እንዴት ብለው ይሳሳማሉ፣ የሽሮው ጣዕም ትዝ አይላቸውም ወይ እላለሁ። ሰው በሳቅ ይሞታል። አንዳንዴ ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ላይ ሆኖ እኛ ገና አንጨርስም።

ለምን የጓደኝነት ወገን ሆንኩ? ይሄን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው። አቢጋኤልን እወዳታለሁ። የጋሽ ዘካሪያስን አቢጋኤል። ከፋሲካ ጀምሮ እሷም ትወደኛለች፣ ትወደኝ ነበር ልበል። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በኩል በቀን ሦስት ጊዜ አልፋለሁ፣ መንገዴ ባይሆንም። ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ ነው ጠሃ ቤት ወንድና ሴት ጓደኛ ብቻ መሆን ይችላል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸው።

አባባና ጋሽ ዘካሪያስ ጃላ፣ የቃል ኪዳን ወዳጆች መሆናቸውን ከኔ በላይ ታውቃለህ። አባባ ከኦቾሎ ባዶ እጁን ሲወርድ ከራሳቸው ማሳ የሙዝ ችግኝ ነቅለው የሰጡት እሳቸው ናቸው። የዛን ቀን ከአንድ ሳህን በሉ፣ ልጆችህ ልጆቼ ናቸው ተባባሉ። የጃላ ልጅ እህት ናት። እህትን በሌላ ዓይን ማየት ጎሜ ነው፣ መቅሰፍት የሚያመጣ ኃጢአት እንጂ ነውር ብቻ አይደለም። ጎሜ ደግሞ የሠራውን ሰው ትቶ ቤቱን ነው የሚመታው እየተባልን ነው ያደግነው። ቸርች ስንገባ ይሄ ነገር ቀረ ብለን ነበር፣ እኔ ላይ ግን አልቀረም፣ አጥንቴ ውስጥ ነው።

ህዳር አንድ እሁድ፣ ሽመክት ሆስፒታል በር ላይ የበለጥሽን እጅ ያዘ። በሩ ጋ ያሉት ቤቱን በጩኸት ቀወጡት። እኔ ተነስቼ እጅ መያዝ ምን አለበት፣ እኔ የስንቱን እጅ ይዣለሁ አልኩ። ያኔ ሉሊት ጁሷን አስቀምጣ፣ ለስለስ አድርጋ፣ አንተና አቢጋኤልስ በየትኛው ወገን ናችሁ አለችኝ። አቢጋኤል ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ነገር እንድል የፈለገች መሰለኝ። እኔ ግን ወሬው ሳይመሽ ጋሽ ዘካሪያስ ጋ እንደሚደርስ አሰብኩና ፈራሁ። ይሄን ሁሉ ሙዝ የሚሸከም ሰውዬ። እጄን ወደ ላይ አንስቼ «አባቴ ይሙት፣ እህቴ ናት። ሌላ ነገር ካለ አባቴ ይሙት» አልኩ። ሁለት ጊዜ፣ ጋሼ። አንዴ አልበቃኝም።

ፍሪጁ ጋ ያሉት አጨበጨቡልኝ። አቢጋኤል ጁሷን እንደሞላ ትታው ወጣች። ማክሰኞ ጠዋት አባባ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ።

ስፌት ቤቱ ሄጄ አናግሪኝ አልኳት። ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳትል «ስሜን ላለመጥራት አባትህን ገደልክ» አለችኝ። ከዛ ወዲህ በዛ በኩል አላለፍኩም።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ አጎታችን ከኦቾሎ ወረደ። አባባን አይቶ ሁላችንንም ሰበሰበና፣ መድኃኒቱን ይዋጥ፣ ጸሎቱም ይጸለይ፣ ግን እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር ካለ ይውጣ አለ። እማማ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልታ ሁለት ወር ሰላም እንዳላለቻት ተናገረች፣ ያኔውኑ ሄዳ ታረቀች። እህታችን ዓለሚቱ ፈተና ላይ ኮርጃለሁ ብላ አለቀሰች። ከዛ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምንም የለኝም አልኩ። አጎታችን «ካሌብ፣ ያ ሁሉ አፍ ዛሬ የት ሄደ?» አለኝ። አባባ ከተኛበት ሆኖ የነከሰኝ ትንኝ ነው፣ ልጆቼን አታስጨንቅብኝ አለ። ያኔ ነው የሞትኩት። ለኔ ብሎ ነው የተናገረው።

ውሃ ይዤለት ስገባ መጀመሪያ ደረቱን ነው የማየው፣ ይነሳል ወይ ብዬ። ሲስል ያ መሐላ የሚያስለው ይመስለኛል። እህል አይወርድልኝም። ያለፈው እሁድ ጠሃ ቤት አልገባሁም። ጠሃ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አለቃ ጠፋህ፣ ሽመክት ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልክ ጠራና ሳምንት ይቀጥላል አሉን አለኝ። የድራማው ደራሲ ሌላ አምስት ዓመት ቢያጓትተው ምንም አይሆንም። እኔ ያለኝ እስከ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አጎታችን የተደበቀው እንዲወጣ ብሎ ጋሽ ዘካሪያስን ይዞ ይመጣል፣ ግቢያችን ማንጎው ሥር እንቀመጣለን። ከተናገርኩ የሠላሳ ዓመት ጃላ በኔ አፍ ይፈርሳል፣ ምናልባት አቢጋኤልንም ከከተማ ያርቋታል። ዝም ካልኩና አባባ አንድ ነገር ከሆነ ደግሞ እኔ በምን ፊቴ እኖራለሁ? ወባ ነው በለኝ፣ አንተ አዲስ አበባ የኖርክ ሰው ነህ፣ ምናልባት እውነት ትንኝ ብቻ ነው። ቢሆንም ምየበታለሁ።

እናገራለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ ስፎክር አንበሳ ነኝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጠሃ ቤት የሆንኩትን ልሆን እችላለሁ። ስለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ይሄ ወረቀት ዛሬ ከሙዙ ጋር ይጫናል፣ ነገ አንተ ጋ ይደርሳል። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደወልኩልህ አልቻልኩም ማለት ነው። ያኔ አንተ አባባ ጋ ደውለህ ሁሉንም ንገረው። አትዘንልኝ። ከደወልኩ ደግሞ ዝም ብለህ ስማኝ፣ አትምከረኝ።

ለሰብለ ሰላም በልልኝ፣ የድራማውን ነገር ግን አትንገራት፣ እሷም የበሩ ወገን ናት። ልጆቹን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚሸምኑት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። እማማ ጋቢህን ሳትደርብ እንዳትወጣ ብላሃለች። ዓለሚቱ ጉንጭህን ስማሃለች። አጎታችን በመስቀል ቀርተሃል ብሎ ተቀይሟል፣ ግን ሰላም ብሎሃል።

አባባ አሁን ስጽፍ አይቶኝ ለማን ነው አለኝ። ለኢሳያስ አልኩት። ደህና ነኝ በለው አለ። እንዲህ ብሏል፣ እኔ ግን ደህና ነው ብዬ አልጽፍልህም። በሱ ስም ሁለተኛ ውሸት አልናገርም።

ወንድምህ ካሌብ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሐሙስ ህዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.