የ«ያልተጠሩ ልጆች» ጥናት ባለቤት ስለሆኑት መምህርት ኅልፈት

የትምህርት ክፍላችን ከፍተኛ መምህርትና የማስተማር ልምምድ አስተባባሪ የነበሩት ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። መምህራን፣ ሠራተኞችና ሠልጣኞች በጥልቅ አዝነናል። መግለጫው ሦስት ቀን የዘገየበት ምክንያት ከታች ተገልጿል።

ባልደረባችን ከ1978 እስከ 1990 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በመጨረሻው ዓመት በአንድ ክፍል ሰባ ስምንት ልጆች ነበሯቸው።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ክፍላችን ተዛውረው በየትምህርት ቤቱ የሚለማመዱ ዕጩ መምህራንን መከታተል ጀመሩ። አሠራራቸው እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። ከኋለኛው ረድፍ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ተጋርተው ይቀመጣሉ። ዕጩው መምህር አንድን ልጅ በስሙ ጠርቶ በጠየቀ ቁጥር በክፍሉ የአቀማመጥ ንድፍ ላይ ነጥብ ያኖራሉ። ደወል ሲደወል ነጥብ ያላረፈባቸውን ቦታዎች ያከብባሉ። ሠልጣኞች እሳቸው በሌሉበት «እትዬ ኋላ ወንበር» ይሏቸው ነበር። ያውቁ ነበር፤ አልተቀየሙም። ትምህርቱ እንዴት ነበር ብሎ ለሚጠይቃቸው ሠልጣኝ መልሳቸው ከቁጥሩ በቀር አንድ ነበር፦ «ጥሩ ነበር የኔ ልጅ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ግን ዛሬ መምጣታቸውን የሚያውቅላቸው የለም።»

በ2007 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመት የሰበሰቧቸውን አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ንድፎች መሠረት አድርገው ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ማመልከቻ አቀረቡ። ርዕሱ «ያልተጠሩ ልጆች፦ ዕጩ መምህራን ማንን መጥራት እንዳለባቸው እንዴት ይማራሉ?» የሚል ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ማኅተም ስላልነበረ ተመለሰ።

በ2010 ዓ.ም. በማኅተም አቀረቡ። ገምጋሚዎቹ ሐሳቡን አመስግነው «ያልተጠሩ» የሚለው ቃል ሳይንሳዊ አይደለም በማለት መለሱት። አንደኛው በኅዳጉ ላይ «ጥናቱ ስለ ትምህርት ነው ወይስ ስለ ሠርግ?» ብለው ጽፈዋል። ባልደረባችን ይህን ገጽ በቢሯቸው በር ላይ ለጥፈውት ነበር። አሁንም አለ።

በ2013 ዓ.ም. ቃሉን ሳይቀይሩ ለሦስተኛ ጊዜ አቀረቡ። ውጤቱ ያው ሆነ። ከመካከላችን «አንዲት ቃል ናት እኮ እህቴ፣ ምናለ ብትቀይሪያት?» ያልናቸው ነበርን። «ቃሏን ከቀየርኳት ጥፋቱ ወደ ልጆቹ ይዞራል» ሲሉ መለሱ። «ዝም ያሉት እኛ ስላልጠራናቸው ነው።»

ዘንድሮ አራተኛው ማመልከቻ የቀረበው እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። ርዕሱ «ዝቅተኛ የክፍል ተሳትፎ ያላቸው ተማሪዎችና የዕጩ መምህራን ዝግጅት» ተብሏል። የቀየርነው እኛ ነን። የማስገቢያው ቀን እያለፈ ነበር፤ ቢፈቀድ ደስ ይላቸዋል ብለን አሰብን። አላማከርናቸውም።

ድጋፉ መፈቀዱን የሚገልጸው ደብዳቤ ሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ደረሰን። የክፍሉ ጸሐፊ ይዘው ሄደው አነበቡላቸው። ባልደረባችን እስከ ፊርማው ድረስ አዳምጠው «የማን ጥናት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ «የእርስዎ ነው» አሉ። ይህ ከማረፋቸው ሦስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር።

የክፍሉ ጉባኤ ትናንት ረቡዕ ተሰብስቦ ርዕሱ ወደ እሳቸው ቃል እንዲመለስ ለምርምር ጽሕፈት ቤቱ ጽፏል። ካልተመለሰ ድጋፉን አንቀበልም። ጥናቱን ያለ ድጋፍ፣ እሳቸው እንደጀመሩት በወረቀትና በእርሳስ እንቀጥላለን። መግለጫውን ያዘገየነው ይህን ሳንወስን ስለ እሳቸው መጻፍ አግባብ ስላልመሰለን ነው። መልስ እስከ ዛሬ ጠዋት አልመጣም።

በእንዲህ ያለ መግለጫ «ወደማይቀረው ዓለም ተጠሩ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ረቂቃችንም እንዲሁ ይል ነበር። ሰርዘነዋል። ቃላቸውን ሳንጠይቃቸው ሁለተኛ ጊዜ መንካት አልፈለግንም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለወንድማቸው እንዲሁም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ሆነው ላዩዋቸው መምህራን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቤተሰባቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን። እሳቸውን የምንጠይቅበት ጊዜ ሰኞ በስምንት ሰዓት አልፏል።

የመምህራን ትምህርት ክፍል