የማይበረውን ጀግና የፈጠሩት የአቶ ጴጥሮስ ማሙሸት የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከነነጥቡ እውነት ነው፤ የእህታቸው ልጅ አስናቀው በአስከሬናቸው ፊት ምሎ የጻፈው ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ወጥቶ መርካቶን ይጠይቅ።

አቶ ጴጥሮስ ማሙሸት ከአባታቸው ከአቶ ማሙሸት ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመተ ሥላሴ ገብረ ኢየሱስ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው፣ መምህራኑ የሚያስተምሯቸው እስኪያጡ ድረስ ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ታፔላ መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ የተሰቀለ ታፔላ ሁሉ ወይ የእሳቸው እጅ ነው፣ ወይ ከእሳቸው የተኮረጀ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ታንጉት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰብለ ወንጌልንና ኢየሩስን አፍርተዋል።

በ1995 ዓ.ም. ግን አገር ያላየውን ነገር አመጡ። ጫንያለው የሚባል ተሸካሚ ጀግና ፈጥረው፣ ገድሉን በተከታታይ ሥዕል እየሠሩ በፎቶ ኮፒ ማባዛት ያዙ። የጫንያለው ልዩ ኃይል ትከሻው ነው። በጣም በተወደደው ክፍል፣ ሊደረመስ የተቃረበ የዱባይ ተራ ፎቅ ከነሰዉ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ያሳርፋል፤ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች የዋጋ ክርክራቸውን እንኳ አያቋርጡም። ያ ክፍል የወጣ ዕለት መርካቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ተሸካሚው ሸክሙን አውርዶ፣ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ነው ያነበበው።

ጫንያለው ደግሞ አይበርም። ይህ ይሰመርበት። አቶ ጴጥሮስ፣ "እግሩ መሬት ካልረገጠ በምኑ ሊችለው?" ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ዛኪር የተባለ የሰፈሩ ወጣትና ጓደኞቹ፣ "ጋሼ፣ የፎቁን ክፍል አኒሜሽን ፊልም እናድርገው" ብለው መጡ። አቶ ጴጥሮስ ልበ የዋህ ነበሩና ሰጧቸው። ልጆቹስ ምን አደረጉት? አበረሩት! ጫንያለው ፎቁን አሳርፎ፣ ትከሻውን አራግፎ፣ ነፋስ እንዳገኘው ፌስታል ወደ ሰማይ ሄደ። እስቲ አሁን መርካቶ ውስጥ የሚበር ሰው ምን ይሠራል? ዕቃውን ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚረከበው ማን ነው? ፊልሙ የተመረቀ ዕለት አቶ ጴጥሮስ ከአዳራሹ መሀል ብድግ ብለው፣ "ልጄን መልሱልኝ!" ሲሉ ሁለት ሺህ ሰው አብሯቸው ተነሣ፤ ግድግዳው ተነቃነቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ አልጋ ያዙ። ሐኪሞች የጀርባ አጥንት ሕመም ብለው ጻፉ እንጂ፣ የገደላቸው ያ በረራ ነው። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይባስ ብሎ እነዚሁ ልጆች ዛሬ የአስከሬኑን ሳጥን እኛ እንሸከም ብለው ጠይቀዋል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ታሪካቸውን ያበላሸ እጅ ሳጥናቸውን አይነካም፤ ዕድርተኛው ይህን ከወዲሁ ይወቅልን።

እግዚአብሔር የአቶ ጴጥሮስን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በዚያም ታሪካቸውን የሚለውጥባቸው አይኑር። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለመርካቶ ሕዝብ መጽናናትን ይስጥ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ታንጉት ተነቦላቸዋል። አልተቆጡም። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ የተናገሩት እንዲጨመር ስላዘዙ እንዳለ ቀርቧል፦

"አስኔ፣ አጎትህ የቱ አዳራሽ ሄደ? ልጆቹ ገና ሲመጡ እኮ አልጋ ላይ ነበር። ፊልሙንም ያየው እዚሁ ቤት ነው፤ ዛኪር በላፕቶፕ ይዞለት መጥቶ። ጫንያለው የሚበርበትን ሥዕል የሣለው ራሱ አጎትህ ነው፣ በጀርባው ተኝቶ። ልጆቹማ 'ኧረ ጋሼ፣ ሰው ይቆጣናል' ብለው ለምነውት ነበር። 'ደክሞታል፣ ተዉት ይብረር' አላቸው። ያቺን ቦታ እየመለሱ ሲያሳዩት እንቅልፍ ወሰደው። ሳጥኑን እነሱ ይሸከሙት።"