ለቆርቆሮው አጥር ባለቤት፣ ከአጥሩ ጀርባ

ይድረስ ለከተማችን የወንዝ ዳር ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ዘመድኩን፤

አሰላሙ አለይኩም። ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዝናቡና ጭቃው ለጤናዎ እንዳያስቸግርዎ ከልብ እንመኛለን። እኛ የወንዝ ዳር ሰፈር ወጣቶች፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ደረቅ ነን።

ጽሕፈት ቤትዎ ወጣቶች ስለ ሰፈራቸው የሚሰማቸውን እንዲጽፉ በድምፅ ማጉያ ማስነገሩን ሰምተን ደስ ብሎናል። ምን እንደሚሰማን የጠየቀን ሰው ኖሮ ስለማያውቅ፣ በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስለ አጥሩ እናመሰግናለን። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ቤቶቻችንንና ወንዙ ተሸክሞት የሚመጣውን ቆሻሻ አይቶ እንዳይከፋው፣ ሰፈሩን በመንገዱ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ አስከልለው፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ወንዝ አስለውልናል። እውነተኛው ወንዝ ከጀርባ እየጮኸ እንግዶቹ በሥዕሉ ፊት ፎቶ ተነሥተዋል። የአክስቴ ልጅ ፈቲሀማ ያደገችበት ቤት የት እንደገባ ጠፍቷት፣ ስልክ ደውላ ነው ወጥተን የተቀበልናት።

ሁለተኛ፣ እንግዶቹ አረፋን ውለው ተመልሰዋል፤ አጥሩ ግን አልተመለሰም። ያለው አንድ በር ቢሮዎ ሲዘጋ አብሮ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ቢሮዎ ያድራል። ከዚያ በኋላ የምንገባውም የምንወጣውም በወንዙ አፋፍ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ነው። ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወስደው እሷን ነው።

ሦስተኛውን በወግ መጻፍ ስለሚከብደኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር፤ ዘቢዳር ተራራ ላይ ግን ሲዘንብ ውሎ ወንዙ በድንገት ሞላ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የሥራ ሰዓት አያውቅም። ጥበቃው ጋሽ ሽባባው ቁልፍ እንደሌላቸው እየማሉ የበሩን ሰንሰለት በባዶ እጃቸው ይጎትቱ ነበር። እናቴ ሀሊሜ ወገቧን ከታመመች ወዲህ መራመድ አትችልም። ጎረቤት ተረዳድቶ ከነአልጋዋ እንዳያወጣት መውጫ የለም። ስለዚህ በቆርቆሮው አናት ልናሳልፋት ወደ ላይ አነሣናት፤ ጠርዙ ክንዷን ቀደደው። ውሃው ከጉልበታችን ሳያልፍ ባይጎድል ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ደመና ባየሁ ቁጥር ሮጬ በሩን እሞክራለሁ።

ሰኞ ዕለት አቤት ብንል፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከሥዕሉ ላይ የእናቴን ደም አስጠርጎ ሰንሰለቱን በወፍራም ቀየረው። ስለ ፈጣን ምላሽዎ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

አጥሩ ይፍረስ አንልም፤ ሥዕሉም ይቆይ። በሩ ብቻ ክረምቱ እስኪወጣ ሳይቆለፍ ይደር። በአላህ ይሁንብዎ።

የክቡርነትዎን ደጅ ከመጥናት በቀር ሌላ ደጅ ያልተተወላቸውን የወንዝ ዳር ሰፈር ወጣቶች በመወከል፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ናጃህ አብዱልሃፊዝ

ማስታወሻ፦ ወንዙ እንደገና ቢሞላ ማን ማንን እንደሚሸከም ተከፋፍለናል። ጎረቤታችን አቤኔዘር ሕፃናቱን ይይዛል፤ እኔ እናቴን። ለእርስዎ ሸክም እንዳይበዛብዎ ብለን ያስቀረንልዎት ቁልፉን ብቻ ነው።