መደቡ ላይ ያልተደረመሰው ኩባያ

አኪኒዬ፣

እፎይ በይ! ያ ኪስ የሚገባው ተጣጣፊ ኩባያችን ዛሬ ሞምባሳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኛ ናይሮቢዎች ሻይ የምንጠጣው ቆመን፣ ሚኒባሱ፣ ማታቱው እንዳያመልጠን አንድ ዓይናችንን መንገዱ ላይ ጥለን ነው፤ ኩባያው ከእጃችን አይወርድም። እዚህ ሰው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጦ እያወራ፣ ቡናውን ፉት ባለ ቁጥር ኩባያውን ድንጋዩ ላይ ቋ ያደርገዋል። ይሄን መች አሰብነው? ባለፈው ኩባያችን ተደርምሶ ከመደቡ የማይጠፉትን የሽማግሌውን የባባ ባካሪን ነጭ ጀለቢያ ቡና ያለበሰው ለዚህ ነው።

ዛሬ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «የጀለቢያ ጠላት መጣች፣ ፈቀቅ በሉ!» ብለው መደቡን ሁሉ አሳቁብኝ። ኩባያውን ዘረጋሁና አንቺ የጨመርሽበትን መቆለፊያ አዞርኩት። ቡና አስቀድቼ ሰጠኋቸው። አንዴ ፉት አሉና ሆን ብለው በኃይል ድንጋዩ ላይ ቋ! ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጠብታ አልፈሰሰም። አሁንም ካልሆነ እንተወዋለን ያልነው ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ጠጥተው ሲጨርሱ አጣጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ባባ፣ ያለን እኮ እሱ ብቻ ነው!»

«ታዲያ ሌላ ሥሪያ! ይሄ የጀለቢያዬ ካሳ ነው።»

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽንም ሰላም በይልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ባዶ ኪስ ይዤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኒያምቡራሽ